የዘጠነኛዋ ተከሳሽ መልስ

ስልኬ የጮኸው ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር መስኮት ፊት ተሰልፌ ሁለት ሰው ሲቀረኝ ነው። እጄ ላይ ሰማያዊ ክላሰር ይዣለሁ። ውስጡ የእህቴ የመከላከያ መልስ አለ፤ ሦስት ገጽ፣ በሦስት ቅጂ። መልሱን ለማስገባት የተሰጣት ጊዜ የሚያበቃው ያን ዕለት ነበር።

«የታማሚዋ ወንድም ነዎት?» አለች ነርሷ።

«ነኝ።»

«የት ነው ያሉት?»

«ፍርድ ቤት። ወረቀቷን ላስገባላት ነው። ምነው?»

«ቢመጡ ይሻላል» አለች። ሐኪም ቤት ያሉ ሰዎች እንዲህ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ በእናታችን ጊዜ አውቄዋለሁ።

«አረፈች?»

«አዎ ጋሼ። ሩብ ሰዓት አይሆናትም። እግዜር ያጽናዎት።»

ስልኩን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ከፊቴ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ጨርሰው ሄደዋል። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ እጇን ዘርግታ «እሺ ጋሼ፣ ያምጡ» አለችኝ። ክላሰሩን ሰጠኋት። ገለጥ ገለጥ አድርጋ «የተከሳሿ ፊርማ ነው?» አለች።

«የሷ ነው። ትናንት ነው የፈረመችው። አሁን ግን ሞተች አሉኝ።»

ማህተሙን አንስታ ነበር። መልሳ አስቀመጠችው። ወረቀቶቹን እንደነበሩ አስተካክላ በሁለት እጇ መለሰችልኝ። «ይዘዋቸው ይሂዱ፤ በኋላ ይመጣሉ» አለች። ክላሰሩን በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

እህቴ አራሚ ነበረች። አራሚ ማለት ሌላ ሰው የጻፈውን፣ ሌላ ሰው በኮምፒዩተር ያቀናበረውን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦ ስህተቱን የሚለቅም ሰው ነው። ሥራው በደንብ ሲሠራ ማንም አያየውም፤ የሚታየው ሲበላሽ ነው። አርባ ዓመት ግድም ሠርታዋለች። መጀመሪያ የመማሪያ መጻሕፍት፣ ቀጥሎ የመድኃኒት መግለጫ፣ በመጨረሻ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨዋታ የሚያሳትም አንድ ቤት ውስጥ።

ይህ ቤት የሚያሳትመው ጨዋታ እንደ ዳማ ወይም እንደ ካርታ አይደለም። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ዳይስ እየጣሉ ያ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያያሉ። ሰሌዳ የለውም። ያለው የደንብ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን የያዘ ጨዋታውን ያዘ ማለት ነው። ለዚህም ነው ሌቦች የወደዱት፤ ገጾቹን በስካነር አንስቶ ድረ ገጽ ላይ መጫን ብቻ ነው።

እህቴ አንዱንም ጨዋታ ተጫውታ አታውቅም። ደንቡን ግን ሁሉንም በቃሏ ትይዘዋለች። ሰዎች ሲጣሉ ወደ አሳታሚው ቤት ይደውላሉ፤ እዚያ ያሉት ደግሞ ስልኩን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ያሻግሩታል። «ሁለት ጊዜ ስድስት ከወጣ መርከቡ ይዞራል እንጂ አይሰጥምም» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ጸጉሯን ሰብስባ ቀይ እስክሪብቶ ትሰካበታለች። የምታነበው በማስመሪያ ነው። ማስመሪያዋን ከወይራ ቁራጭ ልጌ የሠራሁላት እኔ ነኝ፤ አንድ ስንዝር የምታክል፣ ጠርዟ የለሰለሰ። ከመስመሩ ሥር ታስቀምጣታለች፤ መስመሩ ሲያልቅ ወደ ታች ትገፋታለች። መንገድ ላይም አታርፍም። መድኃኒት ቤት ገብተን መድኃኒቷን ስትቀበል «‹ከምግብ በኃላ› ይላል፤ ‹በኋላ› ነው የሚባለው» ብላ ፋርማሲስቱን እስክሪብቶ አስወጥታዋለች። ሰውየው ሲያርም «ማዘር፣ መድኃኒቱ ራሱ ግን ትክክል ነው» አላት። «እሱን አንተ ታውቃለህ» አለችው።

እናታችን ስትሞት እሷ ሃያ አንድ፣ እኔ ዘጠኝ ነበርን። አሳደገችኝ ብል አጋነንኩ አይባልም። እኔ «እትዬ» እላታለሁ። እሷ ደግሞ ስድሳ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝም፣ ጸጉሬ ከግማሽ በላይ ሸብቶም፣ «ማሙሽ» ነበር የምትለኝ። አናጺ ነኝ። ባለቤቴ ካለፈች በኋላ ከወርክሾፑ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች አብረን ኖርን፤ በአንደኛው እሷ፣ በአንደኛው እኔ፣ በመካከል ወጥ ቤት የምንለው ኮሪደር።

ቢሮዋን አውቀዋለሁ፤ ሁለት መደርደሪያ ሠርቼበታለሁ። መስኮቱ የጋራዥ ግድግዳ ነው የሚያሳየው። ሁለት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተገጣጥሟል፤ በአንደኛው እህቴ፣ በሌላው አንባቢዋ። ሥራው እንዲህ ነው፦ አንባቢዋ ደራሲው የሰጠውን ረቂቅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ እህቴ የተቀናበረውን ፕሩፍ፣ ከመታተሙ በፊት የሚወጣውን ናሙና፣ በዓይኗ ትከተላለች። አንዲት ቃል ብትጎድል ጆሮና ዓይን ይጣላሉ፤ ያኔ ይያዛል። አንባቢዋ ድምፅዋ የሻከረ፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ነጠላ ሰረዙን፣ አራት ነጥቡን፣ ሁሉን ታነባለች። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚህ ተቀምጠው ኖሩ፤ በየቀኑ ይጣላሉ፤ በየቀኑ ምሳቸውን አብረው ይበላሉ።

አንድ ቀን እህቴ ከሥራ መጥታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «አንባቢዬን አሰናበቷት» አለችኝ።

«እነማን?»

«ሌቦቹ።»

አራት ዓመት የተለፋበት መጽሐፍ ገበያ በወጣ በሳምንቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል፤ ሽያጩ ይወድቃል፤ አሳታሚው ሰው ይቀንሳል። አለቃዋ ሲያሰናብት ከሴትዮዋ እኩል እንዳለቀሰ ነገረችኝ። ሌቦቹን እንደዚያ ዓመት ጠልታቸው አታውቅም። ይህን የምጽፈው በኋላ የሆነውን የሚሰማ ሰው ከነሱ ጋር የወገነች እንዳይመስለው ነው።

አንባቢ ስታጣ ፕሩፉን ቤት ማምጣት ጀመረች። አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑን ዘግቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እቀመጥላታለሁ።

«ነጠላ ሰረዙን ዋጥከው።»

«አልዋጥኩትም፤ ለስለስ አድርጌ ነው ያልኩት።»

«ነጠላ ሰረዝ ለስለስ አይባልም ማሙሽ። ወይ አለ ወይ የለም።»

«ሻይ ልጠጣ?»

«ገጹን ጨርስና።»

የመርከበኞቹ ጨዋታ የሚባለውን መጽሐፍ ያነበብኩላት በዚህ ሁኔታ ነው። ለትንንሽ ልጆችና ለወላጆቻቸው ተብሎ የተዘጋጀ ነበር። ያን እሁድ ለሰኞ የሚደርስ በር ነበረኝ፤ ጠዋት ሙሉ ሳጣብቅ ውዬ እጄን የታጠብኩት ለወጉ ያህል ነው። ረቂቁ ወፍራም ጥራዝ ነበር። አንደኛውን ምዕራፍ ጨረስኩ፤ ገለጥኩ፤ ቀጣዩን ጀመርኩ። እሷ ከዚያ በኋላ ለብቻዋ እንደ ልማዷ ከታች ወደ ላይ፣ ከመጨረሻው መስመር ወደ መጀመሪያው አነበበችው። እንደዚያ ሲነበብ ትርጉሙ አይጎትትም፤ ቃል በቃል ይታያል። የተሳሳተ ፊደል አያመልጣትም። የሌለ መስመር ግን እንደዚያ ሲነበብ አይታይም። ፈርማ ላከችው። ታተመ።

ከታተመ ከሦስት ወር በኋላ ከአንድ አባት ደብዳቤ መጣ፤ በእጅ የተጻፈ። አምጥታ አነበበችልኝ። «ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ድፍረት ስለምታበዛ መርከበኛዋ ሁልጊዜ ቀድሞ ይሞታል። ከሞተ ምልክቷን ወደ ሳጥኑ ትመልስና ወንድሞቿ ጨርሰው እስኪነሱ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ደንቡ እንዲህ ከሆነ ጨዋታውን ለልጆች ማለታችሁ ለምንድን ነው?»

«ደንቡ እንዲህ አይደለም» አለች እህቴ። ተነስታ ረቂቁን ከካርቶን አወጣችው። መጽሐፉን ከጎኑ ዘረጋችው፤ ገጽ አርባ አንድ። በመጽሐፉ ላይ ምዕራፉ የሚያልቀው «መርከበኛው የሞተበት ተጫዋች ምልክቱን ወደ ሳጥኑ ይመልሳል» ብሎ ነው። በረቂቁ ላይ ግን አንድ መስመር ይቀራል፤ ለብቻዋ በቀጣዩ ወረቀት አናት ላይ የተረፈች፣ ከሥሯ ወረቀቱ ባዶ የሆነ። «ይህ ተጫዋች ከጠረጴዛው አይነሳም፤ በሚቀጥለው ዙር ሌላ መርከበኛ ሆኖ ይመለሳል።» ገጹን ያቀናበረው ሰው ዘሏታል። እሱ ቢዘላት እኛ መያዝ ነበረብን።

ያን ወረቀት አላነበብኩትም። እንዳየሁት ወዲያው አወቅሁ። ጠርዙ ላይ የጣቴን ያህል ቢጫ የደረቀ ሙጫ ነበረበት፤ ከፊተኛው ወረቀት ጋር ተጣብቆ ሁለቱን እንደ አንድ ገልጬያቸዋለሁ። እህቴ አውራ ጣቷን በጠርዙ ላይ አሳለፈች። «ሙጫው የኔ ነው» አላልኳትም። ከዚያ «አምልጦኛል» አለች።

ለአባትየው በዚያው ቀን መስመሯን ጽፋ ላከችለት። ወደ አለቃዋም ሄደች። «በሁለተኛው እትም እናርመዋለን» አላት። ሁለተኛ እትም አልመጣም፤ የመጀመሪያውም ገና መጋዘን ሙሉ ነበር። መስመሯን በትንንሽ ወረቀት አሳትማ መጋዘኑ ወርዳ፣ ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ እያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ አንድ በአንድ ለጠፈች። ሙጫውን ከኔ ወሰደች። ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ደረት ሕመሟ የጀመራት እዚያ አቧራ ውስጥ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ሐኪሙ ግን እንደዚያ አላለም። የተሸጡትን ግን የት ታገኛቸዋለች? በዓመቱ የቢሮዋ ደረጃ ከበዳትና ጡረታ ወጣች፤ መስሪያ ቤቱ አሮጌ ኮምፒዩተሯን ሸለማት።

ድረ ገጹን ያገኘችው በዚያ ኮምፒዩተር ነው። ወርክሾፕ ድረስ መጥታ ጠራችኝ። «ና እስቲ እይ። ሙሉውን አውጥተውታል።» በቀጥታ ገጽ አርባ አንድን ከፈተች። መስመሯ የለችም።

«ሰርቀውትም እንኳ አላረሙትም» አለች።

«ከየት አምጥተው እትዬ? የሰረቁት የጎደለውን ነው።»

ከመጽሐፉ ሥር ስንት ሰው እንዳወረደው የሚያሳይ ቁጥር ነበር። ከመጋዘኑ ከወጣው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። እህቴ ቁጥሩን አየችው። «ይሄ ሁሉ ደረጃ ላይ ነው የተቀመጠው» አለች። በአራተኛው ቀን ለድረ ገጹ ሰዎች ጻፈች። ለመስሪያ ቤት ደብዳቤ እንደሚጻፈው፣ ስሟን እስከ አያቷ፣ ሙያዋን፣ ስልክ ቁጥሯን ከሥሩ አስቀምጣ።

«ስምሽን ለምን ጻፍሽው?» አልኳት።

«አራሚ ስሙን ካልጻፈ እርማቱን ማን ያምነዋል?»

«ሌቦች እኮ ናቸው።»

«ናቸው። የሌባ ልጅስ ብትሆን ደረጃ ላይ ምን አስቀመጣት?»

መልሱ በሰዓት ውስጥ መጣ። «እናመሰግናለን እማማ! ሙሉው ገጽ ካለዎት ይላኩልን፤ አሁኑኑ እንተካዋለን» ይላል። ለሁለተኛው እትም ብላ ያዘጋጀችው የታረመ ገጽ ነበራት። እሱን ላከችላቸው። አንድ ገጽ። ከምሳ በፊት ተተካ። ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል «እርማት» ብለው ሙሉ ስሟን አስቀምጠውላታል። እርማት በሠራችባቸው በነዚያ ሁሉ መጻሕፍት ስሟ ወጥቶ አያውቅም፤ የአራሚ ስም አይወጣም። ብዙ አየችው። ከዚያ «ስሜን በትክክል ነው የጻፉት» ብላ ኮምፒዩተሩን ዘጋች።

ከጥቂት ወራት በኋላ የወርክሾፑ ሬዲዮ አምስት የጨዋታ አሳታሚዎች ተባብረው በድረ ገጹ ሰዎችና በተባባሪዎቻቸው ላይ በቅጂ መብት ጥሰት ክስ መመሥረታቸውን ተናገረ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። «ጎሽ! ይበላቸው» አለች። «አንባቢዬን ይመልሱልኝ።»

መጥሪያውን ያመጣው ሰውዬ ሞተር ብስክሌቱን ሳያጠፋ አስፈርሟት ሄደ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቀይ እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ መዘዘች፤ በማስመሪያዋ መስመር በመስመር ወረደችበት። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ።

«አምስት ስህተት አለበት» አለች በመጨረሻ። «ደግሞ ዘጠነኛ ተከሳሽ ነኝ። በዕድሜ እኮ ከሁሉም እበልጣለሁ።»

«እትዬ፣ ዋናው ነገርስ?»

«ዋናው ነገር ልክ ነው። ‹የታረመ ገጽ በማቅረብ› ይላል። አቅርቤያለሁ።»

አለቃዋ በሳምንቱ መጣ። ወፍራም፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ከሚስቱ ጋር ሳሎን መሬት ላይ ቁጭ ብለው በመቀስ እየቆረጡ እንደሠሯቸው እህቴ ነግራኛለች። ወንበር ስሰጠው አልተቀመጠም።

«ከሰው ሁሉ አንቺ?» አላት። «ከሰው ሁሉ?»

«ስህተት ነበረበት።»

«ስህተቱ ይቅር! መጽሐፉን ለወሰዱብኝ ሰዎች ታስተካክይላቸዋለሽ? ደንበኛው ምን ይል ጀመር መሰለሽ? ‹የተሰረቀው ይሻላል፤ ታርሟል› ይላል። ይሄን በጆሮዬ ሰማሁ እኮ።»

እህቴ አንገቷን ደፋች። «እሱ ልክ ነህ» አለች። «እሱን አላሰብኩትም።»

ያኔ ተቀመጠ። ሻይ አፈላሁ። ቀስ ብሎ ነገራት፤ ስሟን ከዝርዝሩ ማስወጣት ይቻላል። አንድ ደብዳቤ ትፈርማለች፤ በዕድሜና በሕመም ምክንያት የምታደርገውን በቅጡ ሳታውቅ እንዳደረገችው የሚገልጽ። ጠበቆቹ የጻፉትን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። አነበበችው። በልማድ አንድ ቦታ በቀይ ነካ አደረገችውና መለሰችለት።

«አውቄ ነው ያደረግኩት» አለች። «አላወቅሁም ብዬ ከፈረምኩ አርባ ዓመት ያረምኩትን ሁሉ ማን ያምነኛል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ፍርድ ቤት ነው እኮ! ሌባ ብለው ሊፈርዱብሽ ይችላሉ።»

«አይሉኝም። እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ሰርቄ አልሰጠሁም፤ የገዛ ስህተቴን ነው ያረምኩት። ይሄን አንብበው ጥፋተኛ ናት ካሉ ይበሉ። ግን ያንብቡት።»

ከዚያ ወዲያ የፈለገችው ይኸው ብቻ ነበር፤ መልሷ እንዲነበብ። ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ሄደን አንዲት ጠበቃ በግማሽ ገጽ አዘጋጀችላት። እህቴ አመስግና ተቀበለችና ቤት ገብታ እንደገና ጻፈችው። በመጀመሪያው ቀነ ገደብ ዋዜማ ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አልጥም አላትና አላስገባውም አለች። ጊዜ እንዲጨመርላት አመለከትን፤ ተጨመረላት። «ይብቃሽ፣ ደህና ነው» ስላት «ደህና ማለት አልታረመም ማለት ነው» ትለኛለች። በዚህ መካከል ሳንባዋ ውሃ ያዘና ሐኪም ቤት ተኛች። ወረቀቶቹን፣ ማስመሪያዋንና እስክሪብቶዋን ወሰድኩላት። የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ፣ መልሷ ጭኗ ላይ። ነርሶቹ «ፈተና ልትቀመጥ ነው» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም የሙቀት መለኪያ ሰንጠረዣቸውን አርማላቸዋለች።

በመጨረሻው ሳምንት «አንብብልኝ» አለችኝ። እንደ ድሮው። አልጋው ጎን ተቀምጬ፣ ነጠላ ሰረዙን፣ አራት ነጥቡን ሳልውጥ አነበብኩ። እሷ በሌላው ቅጂ ተከተለችኝ። ሁለተኛው ገጽ መካከል ላይ ደረስኩ። «መስመሩ የጎደለው በእኔ ጥፋት ነው፣ አራት ነጥብ።»

ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ውጭ ሰው መኪና ያጥባል። «እትዬ» አልኩ።

«ቀጥል» አለች።

«ይሄ ቦታ...»

«ልክ ነህ፤ አንድ ቃል ይጎድለዋል» አለች። ቀዩን እስክሪብቶ ይዛ፣ ከ«በእኔ» ቀጥላ አንዲት ቃል አስገባችበት። ቅጂውን አዙራ አሳየችኝ። «መስመሩ የጎደለው በእኔ ብቻ ጥፋት ነው» ይላል። «አሁን ቀጥል ማሙሽ።»

ቀጠልኩ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። በማግስቱ አስተይቤ አመጣሁላት፤ ፈረመች። በበነጋው እኔ ሰልፍ ላይ ቆሜ እሷ ሞተች።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ የሞት ማስረጃውን ይዤ ሬጅስትራር ተመለስኩ። ያችው ሠራተኛ ነበረች፤ አስታወሰችኝ። መዝገቡን አየችና «ጋሼ፣ በእሷ ላይ የነበረው ክስ ይዘጋል» አለች።

«መልሷን ልታስገቡልኝ አትችሉም? አንብባችሁ ብትዘጉት?»

«የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም ጋሼ። ዳኛው የሚያነቡበት ምክንያት የለም።»

«ታዲያ ሌባ ናት ወይም አይደለችም የሚል ነገር አይጻፍም?»

«ምንም አይጻፍም። ‹ተቋርጧል› ነው የሚባለው።» ከዚያ ቀስ ብላ «ለሷም ሳይሻል አይቀርም» አለች። ክፉ አልነበረችም፤ እህቴን አታውቃት።

ከወር በኋላ አለቃዋ ወርክሾፕ መጣ። ገና ያልጨረስኩት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የስምንቱ ሌሎች ክስ እየቀጠለ መሆኑን ነገረኝ፤ ድረ ገጹ ተዘግቶ በሌላ ስም ተከፍቷል። ሁለተኛ እትም ለማሳተም ገና አቅም እንደሌለው ነገረኝ። ብርጭቆ ወረቀት አንስቶ በጣቱ ሲያሻሽ ቆየ።

«ስሟን እኔው ማስወጣት እችል ነበር» አለ። «ጠበቆቹ አንዱን ካወጣህ ሁሉም ይጠይቅሃል አሉኝ። አምስታችንም ተስማምተን ነበር። ባልሰማቸው ኖሮ።»

«ሻይ ላፍላ?» አልኩት።

«መልሷ አንተ ጋ ነው አሉ።»

«ነው።»

«ዳኛው ካላነበበው እኔ ላንብበው። ምን እንዳለች ልወቅ። ለአራቱም አስነብባቸዋለሁ፤ እምልልሃለሁ።»

ክላሰሩ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ከማስመሪያዋ ጎን፤ ዓይኑ አርፎበታል። እጄን ዘርግቼ ባወርደው በቂ ነበር። እህቴ የፈለገችው ሰው እንዲያነበው ነው፤ ይኸው የሚያነብ ሰው ከበሬ ገብቷል። ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ውሸት ናት። እንደዚያው ብሰጠው ጥፋቴን ለሁለተኛ ጊዜ እሷ ላይ መጣሌ ነው። አርሜ ብሰጠው ሙጫ የነካው ጣት የማን እንደነበረ፣ እሱ ፊት፣ በአፌ መናገር አለብኝ።

«ገና አልታረመም» አልኩት።

አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ወዲያው ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «የሷ ወንድም ነህ» አለ። «ሲታረም ደውልልኝ።» በርጩማውን ወደ ቦታው መልሶ ሄደ።

ይህ ከሆነ አምስት ወር ሆኖታል። ክላሰሩ መደርደሪያው ላይ ነው። ቀይ እስክሪብቶዋም አለ፤ ይጽፋል፣ ሞክሬዋለሁ። የሚሰረዘው አንድ ቃል፣ የሚጨመረው አንድ ስም ነው። እስካሁን አላረምኩትም።